የዘጠነኛ «ሐ» ፕላዝማ

መምህር አስቻለው የሞተው በገበያ ቀን ነው። አርብ ማለዳ እትዬ ብርቄ ግቢያቸውን ጠርገው ሲጨርሱ የተከራያቸው በር አለመከፈቱን አዩ። አስቻለው አሥራ ሁለት ተኩል ሲል በሩን ከፍቶ ደጃፉ ላይ ፊቱን የሚታጠብ ሰው ነበር። አንኳኩ። ዝም ሲላቸው ቀጥሎ ያለውን በር አንኳኩ።

ከዚያኛው በር የወጣው ደምሌ ነው፤ የሒሳብ መምህሩ። ሁለቱ መምህራን አርብ ገበያ በምትባለው ትንሽ ከተማ፣ በእትዬ ብርቄ ግቢ፣ ጎን ለጎን በተሠሩ ሁለት ክፍሎች ስድስት ዓመት ኖረዋል። የሚለያቸው ግድግዳ ጭቃ ነው። ደምሌ የአስቻለውን ሳል ያውቃል። ሬዲዮውን ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ ሲገላበጥ አልጋው በየትኛው እግሩ እንደሚንቋቋ ያውቃል። ጠዋት ሲገናኙ «እንዴት አደርክ» ይባባላሉ፤ ማታ ሲገናኙ «እንዴት ዋልክ» ይባባላሉ። አብረው ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ የሚያወሩት ስለ መንገዱ ጭቃ ነው።

በሩን በትከሻው የገፋው ደምሌ ነው። አስቻለው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል። ከግድግዳው ወዲያ ያለው የደምሌ አልጋ ነው።

«ልጄን! ልጄን!» አሉ እትዬ ብርቄ፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚሉት ጠፋባቸው። ሙሾ የሚወጣው ከሟቹ ታሪክ ነው፤ የማን ልጅ፣ የየት አገር ሰው፣ ምን የሠራ። እሳቸው ደግሞ ስለዚህ ሰው የሚያውቁት ጸጥተኛ መሆኑን ብቻ ነበር።

ከጤና ጣቢያ የመጣችው ነርስ ልብ ነው አለች። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር አቶ ቢሆነኝ መጥተው ክላስ ዘጉ፣ ድንኳን አስተከሉ፣ አናጺ ላኩ። ከዚያ ዘመድ መፈለግ ተጀመረ። ከማኅደሩ የተገኘው ትውልዱ መንዝ መሆኑ ብቻ ነው። ስልኩ ውስጥ ሠላሳ አንድ ስም አለ፤ ሃያ ዘጠኙ የትምህርት ቤቱ ሰዎችና የአርብ ገበያ ባለሱቆች ናቸው። አንዱ የክረምት ትምህርት የተማረበት ኮሌጅ ነው። የመጨረሻው «እማ» ይላል። አቶ ቢሆነኝ አምስት ጊዜ ደወሉለት፤ አምስቱንም ጊዜ ያቺ የተቀዳች ሴት በለሰለሰ ድምፅ ቁጥሩ አገልግሎት ላይ አለመሆኑን ነገረቻቸው። በሰው በሰው መንዝ ያለ አንድ ጽሕፈት ቤት ተገኘ። «ሰው እንልካለን» አሉ በስልክ፤ «ግን ቀበሌው መኪና አይገባበትም። ከሦስት ቀን በፊት መልስ አትጠብቁ።»

ሬሳ ሦስት ቀን አይቆይም። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንዲሆን ተወሰነ።

ስድስት ሰዓት ገደማ መምሬ ገብረ ሚካኤል ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ ድንኳኑ ውስጥ ገቡ። ሰው ሁሉ ተነሣ። ተቀምጠው፣ ትንሽ አርፈው፣ እንደ ወጉ ጠየቁ።

«የክርስትና ስሙ ማን ነው?»

መምህራኑ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«አስቻለው ነው የምንለው» አሉ አቶ ቢሆነኝ።

«አስቻለውማ እናንተ የምትጠሩት ነው። ቤተ ክርስቲያን የምትጠራውን ነው የጠየቅሁ። ንስሐ አባቱ ማን ነው?»

ማንም አያውቅም። ከአጥቢያው ካህናት አንዳቸውም የእሱ ንስሐ አባት አልነበሩም።

«የገነዛችሁት ሰዎች፣ ማተብ አለው?»

ከገናዦቹ አንዱ አንገቱን አቀርቅሮ መለሰ። «የለውም መምሬ። አንገቱ ባዶ ነው።»

ከድንኳኑ ጥግ አንድ ድምፅ «ጴንጤ እንዳይሆን!» አለ።

«አፍህን ያዝ!» እትዬ ብርቄ ዞሩበት። «ጾም ሲጾም በዓይኔ አይቸዋለሁ። ሁዳዴን ሙሉ ሽሮ ነው የበላ።»

«አይ እትዬ፣ መምህር በፋሲካም ሽሮ ነው የሚበላ።»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ የት እንዳሉ አስታውሰው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። መምሬ አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። የደከማቸው ሽማግሌ ናቸው።

«አልቀብርም አላልኩም» አሉ። «ግን ፍትሐት ያለ ስም እንዴት ይሆናል? ‹ነፍሰ ገብርከ› ካልኩ በኋላ ማን ልበል? ማተብ የለው፣ ንስሐ አባት የለው። እኔም በላዬ አለቃ አለብኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስሙን አምጡልኝ። ካልተገኘ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ያለ ፍትሐት ነው።»

ከአጥሩ ውጭ ያለውን ቦታ ሁሉም ያውቀዋል፤ የገበያ ቀን አህዮች የሚታሰሩበት ሜዳ ነው።

ደምሌ በሰው ፊት መናገር አይወድም። ክፍል ውስጥ እንኳ ብዙውን ለሰሌዳው ነው የሚናገረው። አሁን ግን ጉሮሮውን ጠረገ።

«ላፕቶፕ አለው» አለ።

ላፕቶፕ እንዳለው ያልሰማ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት አስቻለው ከደብረ ታቦር ሲመለስ ቦርሳውን አውቶቡሱ ላይ ጫነ፤ ረዳቱ ደግሞ የድንች ጆንያ ጣለበት። ላፕቶፑ ይነሣል፣ ይሠራል፣ ስክሪኑ ግን ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቆ ጥቁር ነው። ሠሪ ጠይቆ «አዲሱን ብትገዛ ይሻልሃል» ተባለ። ያኔ ነው ፕላዝማውን ያሰበው። ፕላዝማ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ፣ በብረት ሳጥን ውስጥ የተሰቀለው ትልቁ ቴሌቪዥን ነው፤ ትምህርት በሳተላይት የሚመጣበት። ብዙዎቹ ተበላሽተዋል። የዘጠነኛ «ሐ» ግን ገመድ ከተገኘለት ይሠራል። ስለዚህ አስቻለው ሁልጊዜ ቅዳሜ ከሰዓት ላፕቶፑን አቅፎ፣ ጫፉ ሰማያዊ የሆነ ገመዱን ኪሱ ከትቶ ወደ ባዶው ክፍል ይሄድ ነበር። ፊልም ነው የሚያይ ይባል ነበር።

አንድ ቅዳሜ ደምሌን ደጃፉ ላይ ጠብቆ «ፊልም አለኝ፣ ለምን አንሄድም? ፕላዝማው ትልቅ ነው፣ ለሁለት ሰው አያንስም» ብሎት ነበር። ደምሌ የማርመው ፈተና አለብኝ አለ። የሚታረም ፈተና አልነበረውም። እምቢ ለምን እንዳለ ራሱም አያውቅም፤ ለረጅም ሰዓት ከሰው አጠገብ መቀመጥ ይከብደዋል፣ ያ ብቻ ነው። አስቻለው ደግሞ ሁለተኛ አልጠየቀም።

የፕላዝማው ሳጥን ቁልፍ ያለው ሀብቴ ጋ ነው። ሀብቴ የፕላዝማ ቴክኒሻን ነው፤ ፕላዝማዎቹ አንድ በአንድ እየሞቱ ሥራው እየቀለለው፣ ቀልዱ እየበዛ የሄደ ሰው። ሁለቱ ወደ ትምህርት ቤቱ ሲወጡ መንገዱን ገበያተኛ ሞልቶታል። ሰው ገብስና ባቄላ የጫነ አህያውን እየነዳ ቁልቁል ይወርዳል፤ እነሱ ላፕቶፑን ይዘው ሽቅብ ይገፋሉ።

«ቲቸር ደምሌ፣ እውነቱን ንገረኝ» አለ ሀብቴ፣ «ግድግዳ ተጋርታችሁ ስድስት ዓመት ስሙን አልጠየቅኸውም?»

«አንተ የጎረቤትህን የክርስትና ስም ታውቃለህ?»

«እኔማ የሚስቴንም ከቄስ ነው የሰማሁት።» ሀብቴ ሳቀና ቶሎ አቆመ። «ግን እኮ ሚስቴን የሚያውቅላት ሰው አለ። እናት አላት።»

ዘጠነኛ «ሐ» ውስጥ ወንበሮቹ እንደ ተማሪዎቹ አወጣጥ ተዘበራርቀዋል። ፊት ለፊት ግን አንድ ዴስክ ብቻ፣ ከፕላዝማው አራት እርምጃ ርቆ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሀብቴ ሳጥኑን ከፈተ፣ ገመዱን ሰካ፣ ላፕቶፑን አስነሣ። ፕላዝማው ሰማያዊ ሆኖ ቆየና አረንጓዴ ኮረብታና ሰማይ ወጣበት። ሌላ ምንም የለም።

«ባዶ ነው» አለ ደምሌ።

«ባዶ አይደለም። ዕቃው በተሰበረው ስክሪን በኩል ነው ያለው። ማሽኑ እኮ መሰበሩን አያውቅም፤ አሁንም ሁለት ስክሪን አለኝ ብሎ ነው የሚያስብ።» ሀብቴ ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ተጫነ። ጨለማው ውስጥ የነበረው ሁሉ ፕላዝማው ላይ ተዘረገፈ።

የይለፍ ቃል አልነበረውም። የሚደብቀው አልነበረውም ወይም የሚደብቀው ሰው አልነበረም። «ፈተና» የሚል ፎልደር አለ፤ «ውጤት» የሚል አለ፤ «ኒው ፎልደር» አለ፣ «ኒው ፎልደር ሁለት» አለ፣ እስከ ሰባት ድረስ። አንድ በአንድ ከፈቷቸው። የጂኦግራፊ ፈተናዎች፣ የተማሪ ስም ዝርዝር፣ ካርታዎች። ፎቶዎች፦ የገደሉ አፋፍ፣ ደመና፣ የገበያው ሜዳ ገበያተኛው ከተበተነ በኋላ። በአንዱም ፎቶ ላይ ሰው የለም። ፊልም ሦስት ብቻ አገኙ።

«ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ነበር የሚሠራ?» አለ ሀብቴ። የላፕቶፑን ዝርዝር ወደ ታች ሲያወርድ የካርታ ጨዋታ አገኘ፤ ለብቻ የሚጫወቱት፣ ካርታ በካርታ ላይ የሚደረደርበት። ከፈተው። ጨዋታው ራሱ የሚመዘግበው ሰንጠረዥ ወጣ። የተጫወተው፦ ሦስት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት። ያሸነፈው፦ አሥራ ሁለት በመቶ።

ደምሌ ሳይፈልግ አሰላው። በሁለት ዓመት ውስጥ መቶ ያህል ቅዳሜ አለ። በአንድ ቅዳሜ ሠላሳ አራት ጨዋታ ይሆናል። አንዱ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ፣ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ከሠላሳ አራቱ አራቱን አሸንፎ፣ ገመዱን ጠቅልሎ፣ «እንዴት ዋልክ» ብሎት ወደ ክፍሉ ይገባ ነበር ማለት ነው።

«ስሙን ፈልግ» አለ። ድምፁ ከጠበቀው በላይ ጎላ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። «ኒው ፎልደር ሰባት» ውስጥ አንድ ፋይል ነበር፤ የዝውውር መጠየቂያ ቅጽ። ሀብቴ ከፈተው። ከፕላዝማው የወጡት ፊደላት እያንዳንዳቸው መዳፍ ያክላሉ። ስም፣ የአባት ስም፣ የትምህርት ደረጃ፣ የአገልግሎት ዘመን፣ ሁሉም ተሞልቷል። «ለመዛወር የሚፈልጉት ቦታ» የሚለው ባዶ ነው። ታች ወረዱ።

«በአደጋ ጊዜ የሚጠራ የቅርብ ሰው፦ ደምሌ ይርጋ። ዝምድና፦ ወንድም።»

ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ። የደምሌ ቁጥር ነው፤ አንድም አኃዝ አልተሳሳተም።

ሀብቴ ቀስ ብሎ ዞረ። «ወንድሙ ነህ እንዴ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ?»

«አላውቅም። ባዶ መተው አይቻልም ነበር ይሆናል።»

«ላይኛውን ትቶት የለ እንዴ ባዶ?»

ደምሌ ወደ ፕላዝማው ቀረበ። ዓይኑ ቃሉ ላይ ነበር። አራት ፊደል ነው፤ የፕላዝማውን ግማሽ ያህል ይዞታል። ከመስኮቱ ውጭ የሚያልፍ ገበያተኛ ሁሉ ሊያነበው የሚችል መስሎት ተሸማቀቀ። ደግሞ አስቻለው ይህን ሲጽፍ በዚህ ወንበር ተቀምጦ፣ በዚህ ትልቅነት እያየው እንደ ጻፈ አሰበ።

ያን ጊዜ መብራት ሄደ።

ፕላዝማው ጥቁር ሆነ። ላፕቶፑ ግን ባትሪ ነበረውና አልጠፋም። ውስጡ ያለችው ማራገቢያ ትዞራለች፤ ከጎኑ አንዲት ትንሽ መብራት ትበራለች። ቅጹ እንደ ተከፈተ፣ ቃሉ እንደ ተጻፈ፣ ሁሉም ነገር እዚያው አለ፤ የሚታይበት ብቻ ነው የጠፋው። ሁለቱ ሰዎች የተሰነጠቀውን ስክሪን እያዩ አሥር ደቂቃ ጠበቁ። መብራቱ አልመጣም። ሀብቴ ሳጥኑን ቆለፈ።

«እንግዲህ የሚሆን የለም» አለ። «እንሂድ፣ ሬሳው ሊነሣ ነው።»

ሲደርሱ ቃሬዛው ድንኳኑ ፊት ወጥቷል። ሀብቴ የሰማውን ይዞ መቆየት የማይችል ሰው ነው። ደምሌ እጁን ሳይይዘው በፊት ለአቶ ቢሆነኝ ነገራቸው፤ እሳቸው ለሽማግሌዎቹ ነገሩ፤ ነገሩም እየዞረ እየጠራ ሄደና መምሬ ዘንድ ሲደርስ እንዲህ ሆነ፦ ወንድም አለው፣ ወንድሙም እዚሁ ነው።

«ወንድሙ አንተ ነህ?» አሉ መምሬ ገብረ ሚካኤል።

ደምሌ ዙሪያውን አየ። አጎንብሰው የሚጠብቁት ቃሬዛ ተሸካሚዎች አሉ። እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አጥሩ ሥር ቆመዋል። ከታች፣ ከሜዳው፣ የታሰሩት አህዮች ሲያናፉ ይሰማል።

«ጽሑፉ እንደዚያ ይላል» አለ። ይህ እውነት ነበር።

«ወንድም ከሆንክ ታዲያ ቅድም ለምን ዝም አልህ?»

«ደንግጬ ነው መምሬ።» ይህም እውነት ነበር።

«በል፣ የክርስትና ስሙን ንገረኝ።»

ደምሌ አንድ ስም መፍጠር ይችል ነበር። «ገብረ» ብሎ ጀምሮ የፈለገውን ታቦት ማስከተል ነው፤ ማን ያውቅበታል? ግን በሕይወቱ ሙሉ ቁጥር ፈጥሮ ጽፎ አያውቅም። የማንም ያልሆነ ስም ሰጥቶ ጸሎቱን ለማንም ማድረግ ነውር ሆኖ ታየው። ጸሎቱ የሚደርስለት አንድ የተጠመቀ ሰው መኖር አለበት። እንዲህ ያለ ስም ደግሞ የሚያውቀው አንድ ብቻ ነው።

«ወልደ ሰማዕት» አለ።

ይህን ስም ጮክ ብሎ የተናገረው ከስንት ዓመት በፊት እንደ ሆነ አያስታውስም። የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እስቴ ያለችው እናቱና የእናቱ ንስሐ አባት። አርብ ገበያ ላይ የጠየቀው ሰው የለም። አሁን ከአፉ ወጥቶ በሰው መካከል ሲቆም ጆሮው ሥር ሞቀው፤ አንድ ሰው ቀና ብሎ «ያንተ አይደለም እንዴ?» የሚለው መሰለው።

«ወልደ ሰማዕት» አሉ መምሬ፣ አፋቸው ላይ እያስቀመጡት። «መልካም ስም ነው። አንሡት።»

ቃሬዛው ተነሣ። ገበያተኛው መንገድ እየለቀቀ፣ ባርኔጣውን እያወለቀ ቆመ። ደምሌ ከቃሬዛው ቀጥሎ፣ ለዘመድ በተተወው ቦታ ብቻውን ሄደ። በየማረፊያው ቃሬዛው ሲወርድ ዲያቆኑ የዕጣኑን ጽና ያወዛውዛል፤ መምሬ በግዕዝ ያነባሉ። ደምሌ ብዙውን አይሰማውም፤ የሚሰማው አንድ ቦታ ብቻ ነው። «ነፍሰ ገብርከ ወልደ ሰማዕት»። በየማረፊያው ይመጣል። መጀመሪያ ሲሰማው እናቱ ብትሰማ ምን እንደምትል አሰበ፤ በሕይወት ያለ ልጇ ስም ሬሳ ላይ ሲጠራ ብትሰማ በዚያው ትወድቅ ነበር። በሦስተኛው ማረፊያ ግን ሌላ ነገር መጣበት። ይህን ያህል ሰው ተሰብስቦ፣ ይህን ያህል ጊዜ ስሙን ሲጠራ ሰምቶ አያውቅም። ሁለት መቶ የሚሆን ሰው አለ። ከሁለት መቶው አንድም ዞሮ ያየው የለም።

ከአጥሩ ውስጥ፣ ከአንድ ወይራ ሥር ቀበሩት። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ሰዉ ተሰልፎ በደምሌ ፊት አለፈ። «እግዜር ያጽናህ» ይሉታል። አቶ ቢሆነኝ አቀፉት። ሀብቴ እጁን ያዘውና ሳይቀልድ አለፈ። እትዬ ብርቄ ጉንጩን ስመው «ምነው ሳትነግረኝ፣ ወንድምህ መሆኑን ባውቅ ግድግዳውን አፍርሼ አንድ ክፍል አደርግላችሁ ነበር» አሉትና በመጨረሻ አለቀሱ። ደምሌም አለቀሰ። ስለ ማን እንደሚያለቅስ ግን በእርግጠኝነት መናገር አይችልም ነበር። ከመንዝ ሰው ሲመጣ እውነተኛው ስም ይመጣል። ያን ጊዜ የሚለውን አያውቅም። ምናልባት ደግሞ የሚመጣ ሰው አይኖርም፤ ያኛው ሐሳብ የባሰ ነው።

ሰዉ ሲሳሳ መምሬ ገብረ ሚካኤል ከቀሚሳቸው ኪስ አንዲት ትንሽ ደብተርና እስክሪብቶ አውጥተው ቀረቡት።

«ለአርባው እንዳልረሳው ጻፍልኝ፤ ዓይኔ ደክሟል።»

ደምሌ ደብተሯን ተቀብሎ በሰሌዳ ላይ በሚጽፍበት ጥንቁቅ ፊደሉ «ወልደ ሰማዕት» ብሎ ጻፈ።

«ከሥሩ ደግሞ ያንተን ጻፍ» አሉ መምሬ። «ወንድሙን ለቀበረ ሰው እጸልያለሁ። ብቻህን ነህ አሉኝ።»

እስክሪብቶው ወረቀቱን ነክቶ ቆመ። ትንሽ ሰማያዊ ነጥብ ወጣች። ከአጥሩ ውጭ ገበያተኛው አህያውን እየፈታ ነው፤ አንድ ሰው ሌላውን በስሙ እየጠራ ወደ ቤት እንሂድ ይለዋል።

«እኔ...» አለ ደምሌ። «የእኔን ሌላ ቀን እነግርዎታለሁ መምሬ።»

ሽማግሌው ፊቱን አዩት። ምን እንዳዩ አይታወቅም። ደብተራቸውን ተቀብለው አጠፉና ኪሳቸው ከተቱ።

«እንግዲያው እሑድ ና» አሉት። «ከቅዳሴ በኋላ፣ ከዚያች ግራር ሥር ነኝ። ሰው በሌለበት ትነግረኛለህ።»

ደምሌ እሺ አለ። መምሬ መቋሚያቸውን እያሳረፉ ሄዱ። እሱም መቃብሩ አጠገብ ብቻውን ቀረና፣ እስከ እሑድ ድረስ ስንት ሰዓት እንዳለ መቁጠር ጀመረ።